አውሮፓን ቀስ ብሎ ማየት፦ የቀን ባቡር፣ የሌሊት ባቡር፣ ባስ ወይስ በእግር?

እማዬ ልትጠይቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደሴ ጀርመን የመጣች ጊዜ በ9 ቀን 6 ከተማ አዞርኳት። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ አምስተርዳም፣ በርሊን፣ ፕራግ፣ ቪየና። ያገኘሁት ኡርላውብ (የሥራ ዕረፍት) አጭር ነበር፣ ቪዛው ደግሞ በስንት ልፋት የተገኘ ነው፣ ሁለተኛ ይሰጧት አይሰጧት አይታወቅም፣ ስለዚህ ከመጣች አይቀር ሁሉንም ትየው ብዬ ነው ያሮጥኳት። ቤት ከገባን በኋላ ለእህቴ በቪዲዮ ፎቶ እያሳየቻት በየመሀሉ ወደኔ ዞር ትልና «ይሄኛው የቱ አገር ነበር?» ትለኛለች። እግሯ አብጦ ትራስ ላይ ሰቅላዋለች። አንድም ቀን አልተማረረችም፣ እሱ ነው የበለጠ አንጀቴን የበላው።

ከዛ ወዲህ ያለውን ጉዞ ሁሉ በሌላ መንገድ ነው የሄድኩት፣ ብቻዬንም ስሆን፣ እሷ ድጋሚ ስትመጣም። ብዙ ሰው «በምን ብሄድ ይሻላል?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን ልጻፈው፣ የትኛው ምን ይሰጣል ምን ያስቀራል የሚለውን።

መጀመሪያ ግን መለኪያዬን ልንገራችሁ። ዋጋም ሰዓትም አስባለሁ፣ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መንገድ ላይ ደስ የሚል ነገር አይተን «እዚህ እንውረድ» ብንል መውረድ እንችላለን ወይ? ይቺን ጥያቄ ያገኘኋት ከእማዬ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ከማይንዝ ወደ ኮብሌንዝ ስንሄድ ነው። ያው ጀርመን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ከፍራንክፈርት ኮሎኝ በፈጣኑ ባቡር 1 ሰዓት ገደማ ነው፣ መስመሩ በፈረንጆቹ 2002 የተከፈተ ሲሆን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይበራል፣ ግን ገብታችሁ ስትቀመጡ ዋሻ ነው፣ ትወጣላችሁ አውቶባኑ (የመኪናው ፈጣን መንገድ) ነው፣ ደግሞ ዋሻ። የድሮው መስመር ደግሞ የራይንን ወንዝ ተከትሎ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው፣ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሰዓት ይፈጃል፣ በየመንደሩ ይቆማል። ከማይንዝ ስትነሱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ወንዙ በዛ በኩል ነው። ከቢንገን በኋላ ሸለቆው ይጠባል፣ ቁልቁለቱ ሁሉ ወይን ተተክሎበታል፣ ከላይ በየኮረብታው የድሮ ግንብ አለ፣ ከታች ደግሞ ጭነት የያዙ ረጃጅም ጀልባዎች ከባቡሩ ጋር ትይዩ ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ አጠገብ ለአጠገብ ስለምትሆኑ ጀልባው ላይ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ይታያል። እማዬ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ስታይ ቆየችና ባኻራኽ ስንደርስ «ልጄ፣ እዚህ እንውረድ» አለችኝ። ወረድን። ትኬታችን ይፈቅዳል፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ሌላ ባቡር አለ። ከመንደሩ በላይ ወይኑ መሀል ያለች አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ከፔርሙዝ ሻይ ጠጣን፣ እሷም ስለ ወይን ተከላው፣ ቁልቁለቱ ላይ እንዴት ቆመው እንደሚያርሱት፣ አፈሩ እንዴት እንዳልተናደ፣ ስለ ወሎ እርከን፣ ብዙ አወራችኝ። ከመጀመሪያው ጉዞ የትኛውም ከተማ ላይ እንደዛ አላወራችም።

ስለዚህ ጀርመን ላላችሁ በመጀመሪያ የምመክረው የዶይችላንድ ቲኬት ነው። በ2023 ግንቦት ወር ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፣ በ2025 ወደ 58 ከፍ አለ፣ ከ2026 ጀምሮ 63 ሆኗል። ለወር ነው፣ በአቦ ነው የሚገዛው፣ ማለትም ካልሰረዛችሁት በየወሩ ይቀጥላል፣ ስለዚህ ካልፈለጋችሁት በጊዜ መሰረዝ እንዳትረሱ። የአገር ውስጥ የሪጅናል ባቡር፣ ትራም፣ ባስ፣ ኡባን (የከተማ የምድር ውስጥ ባቡር) ሁሉ ላይ ይሠራል፣ ፈጣኖቹ ላይ ግን አይሠራም። ብዙ ሰው «ፈጣኑን ካልያዝኩበት ምን ያደርግልኛል» ይላል፣ እኔ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ጥሩነቱ እሱ ነው እላለሁ። ፈጣኑ ባቡር የሚያልፋቸውን ከተሞች በሙሉ ይሰጣችኋል፣ ወርዳችሁ ተመልሳችሁ ብትሳፈሩ ተጨማሪ ሳንቲም አትከፍሉም።

ጎታ የምትባለውን የጀርመን ከተማ ያየሁት በሱ ነው። በፉልዳና በአይዘናህ በኩል ባቡር እየቀያየርኩ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኝ። ለምን ጎታ ብትሉኝ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው ያስኬዱኝ። የመካነ ሥላሴው መነኩሴ ሮም ሆነው ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባለው ጀርመናዊ ጋር በ1649 ተገናኙ፣ ከዛ በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዟቸው ከሮም ተነስተው አልፕስን ተሻግረው እዛ ድረስ መጡ። በዛን ጊዜ። ሉዶልፍ ከሳቸው የተማረውን ይዞ ቆይቶ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሟል። እሳቸው ግን አገራቸው አልገቡም፣ በ1658 መርከብ ተሰብሮባቸው ባህር ላይ ቀሩ። ፍሪደንሽታይን የሚባለው ግንብ አሁንም ቆሟል፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ እኔ በሄድኩ ጊዜ ሰው አልነበረበትም። መሀሉ ላይ ቆሜ ያቺን ሰዓት አማርኛ መናገር አማረኝና ለእህቴ ደወልኩ። ፈጣኑን ባቡር ይዛችሁ ወደ በርሊን ብትሄዱ ጎታ የሚባል ስም እንኳን ላታዩ ትችላላችሁ።

ኢንተርሬይል ወይስ በየመንገዱ ትኬት መግዛት?

ከአንድ አገር በላይ ከሆነ ጥያቄው ይሄ ነው። ኢንተርሬይል በአንድ ፓስ ብዙ አገር በባቡር የሚያስኬድ ትኬት ነው፣ ከ1972 ጀምሮ ያለ ነው፣ አሁን 33 አገር ውስጥ ይሠራል፣ ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ቢሆንም አውሮፓ ውስጥ ነዋሪ ከሆናችሁ መግዛት ትችላላችሁ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከአሜሪካ፣ ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደግሞ ዩሬይል የሚባለውን ነው የምትይዙት። እስከ 27 ዓመት ያለ ሰውና ከ60 በላይ የሆነ ሰው ቅናሽ አለው፣ ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ደግሞ ለአንድ አዋቂ እስከ 2 ድረስ በነፃ ነው፣ ግን ለነሱም ፓስ ማውጣት አለባችሁ። በምትኖሩበት አገር ውስጥ አንዴ ለመውጣት አንዴ ለመመለስ ብቻ ነው የሚሠራው።

እኔ ያየሁት ስህተት የወሩን ሙሉ ፓስ መግዛት ነው። በየቀኑ የሚሠራ ፓስ የያዘ ሰው ገንዘቤ ተቃጠለ እያለ ሲሮጥ ይከርማል፣ አንድ ቀን ቁጭ ካለ የከሰረ ይመስለዋል። በ1 ወር ውስጥ 4 ወይም 5 ቀን ብቻ የሚጓዙበት ፓስ አለ፣ እሱን ያዙ። 4 ጉዞ፣ በመሀሉ ሳምንት ሳምንት መቀመጥ። ሌላው ደግሞ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ስፔን ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ ፓስ ኖሯችሁም ሪዘርቬሽን ለብቻ ይከፈላል፣ የሌሊት ባቡርም እንደዛው፣ ጀርመን ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ግን ባብዛኛው ዝም ብሎ መግባት ነው። ስለዚህ ሐሳባችሁን መንገድ ላይ የምትቀይሩ ከሆነ ፓሱ በነዚህ አገሮች ነው የሚያዋጣው። ቀኑን ቆርጣችሁ የምታውቁና አንድ ሄዶ መመለስ ብቻ ከሆነ ግን ወራት ቀድማችሁ ነጠላ ትኬት ግዙ፣ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ስዊዘርላንድ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቤርኒና ኤክስፕረስ የሚባለው እስከ ጣራው መስታወት የሆነ ባቡር አለ፣ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚፈልገው፣ ግን በዛው ሀዲድ ላይ፣ በዛው ተራራ፣ ተራው የሪጅናል ባቡርም ይሄዳል፣ ሪዘርቬሽን አይጠይቅም፣ መስኮቱ የሚከፈት ፉርጎም አለው፣ የትኛውም ጣቢያ ላይ ትወርዳላችሁ። ከሴንት ሞሪትዝ እስከ ጣሊያኗ ቲራኖ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሁሉም ከፍ ያለው ጣቢያ ኦስፒትሲዮ ቤርኒና 2253 ሜትር ላይ ነው፣ ከደሴም ከአዲስ አበባም ዝቅ ያለ ማለት እኮ ነው፣ ግን ዙሪያው በረዶ ነው። እማዬ ይሄን ስነግራት አላመነችኝም፣ «እኛ ጤፍ በምንዘራበት ከፍታ?» አለች። እዛው ወርደን ሐይቁ ዳር በጋቢ ተጠቅልላ ቆመች። ከዛ ቦታ ውሃው ለሁለት ይከፈላል፣ በአንድ በኩል የወረደው ጥቁር ባህር ይገባል፣ በሌላው በኩል አድሪያቲክ። የመስታወቱን ባቡር የያዙት ሰዎች ፎቶ እያነሱን አለፉ።

የሌሊት ባቡር

የሌሊት ባቡርን እወደዋለሁ፣ ግን በልኩ። የኦስትሪያ ባቡር በ2016 መጨረሻ ጀርመኖቹ ከተዉት የሌሊት መስመር ከፊሉን ከወሰደ በኋላ ናይትጄት በሚል ስም ምርጫው ጥሩ ሆኗል፣ ከሙኒክ ወይም ከቪየና ሮም፣ ከዙሪክ ሃምቡርግ ምናምን። የሆቴል አዳር ያስቀራል፣ በአውሮፕላን ሻንጣ ከመመዘን ያድናል፣ ጠዋት መሀል ከተማ ትወርዳላችሁ። ለሴት ብቻ የሆነ ክፍል መምረጥም ይቻላል፣ ብቻዬን ስሄድ ሁልጊዜ እሱን ነው የምይዘው። ወንበር ብቻ ያለውን ግን ለእንቅልፍ ብላችሁ እንዳትገዙ፣ ቢያንስ ተደራራቢ አልጋ ያለውን ያዙ፣ ጠዋት ዳቦና ቡና ያመጡላችኋል።

በኔ መለኪያ ሲታይ ግን አይወረድበትም። አልፕስን በጨለማ ነው የምታልፉት። ስለዚህ ለረጅሙና ለአንዱ ጉዞ ብቻ፣ ከደረሳችሁ በኋላ ለብዙ ቀን የምትቀመጡ ከሆነ ያዙት። ሁለት ሌሊት በተከታታይ በባቡር ያደረ ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ ያየውን አያስታውስም፣ ሞክሬው ነው።

ባስ

በዋጋ ባስን የሚያህል የለም፣ በተለይ ቀኑ ሲቃረብ የባቡር ትኬት ጣራ ሲነካ። ለተማሪና ዘመድ ጋ ደርሶ ለሚመለስ ጥሩ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ግን አልመርጠውም፣ አውቶባን ከዛ ነዳጅ ማደያ ከዛ አውቶባን ነው። አንድ ሌሊት ባስ ውስጥ ተኝቼ ድንበር ላይ ፖሊስ ገባ፣ እኔ የመኖሪያ ካርዴን ብቻ ነበር የያዝኩት፣ ፓስፖርቴን ቤት ትቼዋለሁ፣ አስወርደው በብርድ ሲጠይቁኝ ሰው ሁሉ እኔን እየጠበቀ ባሱ ግማሽ ሰዓት በላይ ቆመ። ያን ቀን የተሰማኝን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ በየትኛውም ሂዱ፣ ካርዱንም ፓስፖርቱንም አንድ ላይ ያዙ። የአንድ ሸንገን አገር (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ናቸው) የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ በሌሎቹ ውስጥ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ትችላላችሁ፣ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሮማኒያና ቡልጋሪያም በየብስ ጭምር ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። እንግሊዝና አየርላንድ ግን ውስጡ የሉም፣ ለነሱ የራሳቸው ቪዛ ያስፈልጋል። ቤተሰብ በቪዛ የምታመጡ ደግሞ ክፍያው አሁን 90 ዩሮ ነው፣ ቪዛው ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚፈቅድ በደንብ እዩ፣ አንዴ ብቻ የሚል ከሆነ ከሸንገን ከወጡ መመለስ የለም። እናትን ይዞ ለአንድ ቀን ብሎ ወጥቶ ድንበር ላይ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም።

በእግር

እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የበለጠብኝ ይሄ ነው። ስፔን ውስጥ ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደው የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ። ሙሉው የፈረንሳይ መስመር ከፈረንሳይ ድንበር ጀምሮ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ1 ወር በላይ ይፈጃል፣ እኔ ያን ያህል ፈቃድ አላገኝም። ግን የተሳላሚነት ወረቀቱን ለማግኘት በእግር ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር መሄድ በቂ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳሪያ ከምትባል ከተማ ነው የሚጀምረው፣ 115 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሰዎች በ5 ቀን ይጨርሱታል። እኔ 7 ቀን አደረግኩት፣ ቀስ ብዬ።

እማዬ በስልክ ስነግራት «ስለት አለብሽ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። እሷ በልጅነቷ ግሸን በእግሯ ሄዳለች፣ ስንቅ ተሸክመው፣ ቀናት ተጉዘው፣ ስለዚህ ለሷ በእግር መሄድ ምክንያት አለው። የለብኝም አልኳት፣ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ እርግጠኛ አልነበርኩም። መንገዱ በቢጫ ቀስት ነው የሚመራው፣ ድንጋይ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ዛፍ ላይ። መጥፋት አይቻልም። ትንሽ ደብተር ትይዛላችሁ፣ በየደረሳችሁበት ቤተክርስቲያን፣ ካፌ፣ ማደሪያ ማህተም ያደርጉላችኋል፣ በቀን ቢያንስ 2 ያስፈልጋል። አንድ ትንሽ ቤተክርስቲያን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ማህተሙን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው፣ እፍ ብለው፣ ደብተሬ ላይ ሲያሳርፉት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ማህተሙ ትንሽ ተጣሞ ነው የወጣው፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

መንገዱ የሚያልፍበት የገሊሲያ (ሳንቲያጎ ያለበት የስፔን ክፍል) ገጠር ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር ነበረው። በየግቢው በድንጋይ እግር ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ረዘም ያለ የእህል ማስቀመጫ አለ፣ አይጥ እንዳይወጣ ከእግሩ በላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎበታል፣ ጎተራ ነው በቃ፣ ሌላ ስም አይፈልግም። አርሱዋ የምትባለውን ከተማ ካለፍኩ በኋላ ደግሞ ጠዋት በጉም ውስጥ ስሄድ ባህር ዛፍ ሸተተኝ። መጀመሪያ የናፈቀኝ ነው የመሰለኝ። ቀና ስል እውነትም ባህር ዛፍ ነው፣ ጫካ ሙሉ፣ ዝናብ የነካው ቅጠሉ መሬት ላይ። ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ፣ አንዲት አብራኝ የምትሄድ ጣሊያናዊት አረፍ ብላ ውሃ ሰጠችኝ፣ ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም።

በእግር መሄድ የማይሆንላችሁ ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ፣ ወይም ትንሽ ልጅ ካላችሁ ነው። በብስክሌት ማድረግ ትችላላችሁ ግን ለወረቀቱ 200 ኪሎ ሜትር ነው የሚጠየቀው። አቀበቱን ካልወደዳችሁ ከፓሳው ቪየና የዳኑብን ወንዝ ተከትሎ የሚሄደው የብስክሌት መንገድ 320 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆኖ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ጫማ አዲስ አትልበሱ፣ ሻንጣ ቀላል ይሁን። ለረቡዕና አርብ እኔ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር፣ በየመንደሩ ዳቦና ቲማቲም አይጠፋም።

አንድ ቦታ መቀመጥ

የመጨረሻው ምርጫ ጭራሽ አለመዞር ነው። 8 ቀን ካላችሁ 8ቱንም ቀን አንድ ከተማ ቤት ተከራይቶ መኖር። ወጥ ቤት ያለው ክፍል ከያዛችሁ በዋጋም ይቀላል፣ በተለይ ከወላጅ ጋር ስትሆኑ፣ ሽሮዋን ይዛ ስለመጣች እማዬ ምግብ አላስቸገረችኝም። ጉዳቱ ከተማው ካልተስማማችሁ ማምለጫ የለም፣ ስለዚህ የምትወዱት ነገር ያለበት ይሁን። እኛ ሮምን መረጥን፣ በሌሊት ባቡር ሄደን በቀን ባቡር ተመለስን።

በ8 ቀን ውስጥ ኮሎሲየምን ከውጭ ነው ያየነው። ሰልፉ ላይ አንድ ሰዓት ልትቆም አትችልም፣ እኔም አልፈለግኩም። ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ካፌ ነበር፣ በአራተኛው ቀን ባለቤቱ ስንገባ አይቶ የሷን ማኪያቶ ሳንጠይቀው መሥራት ጀመረ፣ «አወቀኝ እኮ» ብላ ቀኑን ሙሉ ደስ እንዳላት ዋለች። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረውን ፖርታ ካፔና አደባባይ አየን፣ ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቷል፣ አሁን መኪና ነው የሚያልፍበት። እማዬ ቦታውን አይታ ሁለቴ አማተበች።

በስድስተኛው ቀን እሁድ ነበር፣ አፒያ አንቲካ ወጣን። የድሮው የሮማውያን መንገድ ነው፣ ትላልቅ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ግራና ቀኙ ረጃጅም ጥድ። አበበ ቢቂላ በ1960 ማራቶኑን ሲሮጥ በዚህ መንገድ ነው ያለፈው፣ ማታ፣ በችቦ ብርሃን፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው የጨረሰው። እማዬ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ አባቷ ወሬውን ሰምቶ መጥቶ ሲያወራ ታስታውሳለች። መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯ አብጦ እንደሆነ ብዬ ደንግጬ ሳይ ደህና ነው፣ አላበጠም። በባዶ እግሯ ድንጋዩ ላይ ቆመች። ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፣ ጎማ እንኳን ያንገጫግጨዋል። በእግሯ ዳበስ ዳበስ አደረገችውና «በዚህ ላይ?» አለችኝ።

በዚህ ላይ አልኳት። ጫማዋን በእጇ ይዛ ትንሽ ርቀት ሄደች፣ እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከኋላ።